አልጋው ያላመነው ደም

ወደ ማርስ በምትበረው መርከብ ላይ የታመመ ሰው የሚተኛው አንባቢው አልጋ ላይ ነው። አልጋው በሽተኛውን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አንብቦ ሕመሙን ይናገራል። የዶክተር ስኂን ሥራ መፈረም ነው።

የሞተር ጠጋኙ ጉርሙ ቁርስ ላይ ሳለ ትከሻዎቹ መሃል ድንገት ወጋው። ባልደረባው አስካለ ደግፋ አመጣችው።

«የጡንቻ መሸማቀቅ ነው። ማስታገሻና ዕረፍት» አለ አልጋው።

ስኂን ልትፈርም ስትል ጉርሙ እጇን ጨበጠ። «ዶክተር፣ እግሬ አለ ወይ?»

የእግሩን ጣት በመርፌ ወጋችው። አልተሰማውም። ጉልበቱን ወጋችው፤ ዝም። እምብርቱ ላይ ስትደርስ ጮኸ። ተጓዦች ሁሉ ደማቸው እንዳይረጋ የሚያቀጥን መድኃኒት እንደሚወስዱ ትዝ አላትና ክው አለች። አከርካሪው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል! በሰዓታት ውስጥ ካልተጠረገ እግሮቹ አይመለሱም።

«አከርካሪውን ድገመው!»

«አይቼዋለሁ። እዚያ የሚታየው ጥላ የምስል ጉድለት ነው። እንዲህ ያለ ደም ከሚሊዮን ሰው ባንዱ ነው የሚገኘው።»

ያለ አልጋው ትእዛዝ የቀዶ ጥገናው ማሽን አይንቀሳቀስም። ስኂን በገዛ እጇ ልትቀድደው ነው፤ ቢላ ከጨበጠች ግን ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። ለመድኃኒቱ ማርከሻ ሰጠችው፤ በማደንዘዣ አስተኛችው። አስካለ መብራት ያዘችላት።

«አልጋው አላዘዘም እኮ» አለቻት አስካለ።

«አውቃለሁ። መብራቱን አቅርቢው።»

አጥንቱን ስትከፍት ጥቁር የረጋ ደም ገነፈለ።

በማግስቱ ጉርሙ የግራ እግሩን ጣቶች አንቀሳቀሰ። ቀኙ ግን በድን ነው። እሱም ስኂንም አለቀሱ።

ስኂን አልጋውን ጠየቀችው፤ «ጥላውን ለምን ናቅኸው?»

አልጋው የተማረባቸውን የምድር መዝገቦች ዘረጋላት። ድንገተኛ የጀርባ ሕመም፣ ያው ጥላ፣ ከሥሩም የሐኪም ጽሑፍ፦ «ጡንቻ ነው»። አርባ ሦስት ሰዎች። ባንዱ ላይ የፈረመችው ራሷ ናት። በሽተኛዋ ወይዘሮ አልጣሽ «በቢላ የወጉኝ ያህል ነው» ብለዋት ነበር። ወደ ቤታቸው ሰደደቻቸው።

አድራሻቸውን ፈልጋ፣ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ በድምፅ ቀርጻ ወደ ምድር ላከች። ድምፅ ደርሶ እስኪመለስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

መልሱ ሲመጣ የሴትዮዋ ድምፅ ደክሟል።

«ልጄ፣ እኔስ እግሬ ከድቶኝ ከተቀመጥኩ ዓመታት አለፉ። ያ ሰውዬ ግን… ቀኙንም ያነሳው ይሆን?»