ወተት የሌለበት ገጽ

ሰብስቤ ከዲላ ገበያ በላይ ባለው የዕፅ መድኃኒት ሱቁ ውስጥ፣ ከሙቀጫው አጠገብ ሞቶ ተገኘ። የገደለው አስተናግር ነው። ለአስሙ ብሎ የዋጠው የዚህ ዕፅ ፍሬ መርዙን በሚያበርደው ወተት አልተቀቀለም ነበር።

ኢንስፔክተር ሐያት ስትደርስ ፍሬውን የወቀጠው የሱቁ ረዳት፣ አማርኛን ዘግይቶ የተማረው የቡሌው ተወላጅ አማኑ በካቴና ታስሮ ቆሟል። ሰብስቤ ትንፋሽ ሲያጥረው «እንደ ደብተሩ ሥራልኝ» እንዳለው፣ እሱም እንደ ደብተሩ እንደሠራ ይምላል። ደብተሩ ከመቶዎች ዓመታት በፊት በሳንስክሪት በግጥም የተጻፈ የሕንድ መድኃኒት መጽሐፍ ትርጉም ነው። የተረጎሙት ሕንድ አገር የተማሩት ጡረተኛው መምህር ኃይለኢየሱስ ናቸው፤ ያደፉ ገጾችን በአዲስ ወረቀት ላይ የሚገለብጠው ግን አማኑ ነበር። በአስተናግሩ ገጽ ላይ ወተት የሚል ቃል የለም።

«የሱ ጽሑፍ ነው» አለች የሟች ሚስት ወርቂቱ ወደ አማኑ እያመለከተች። «ወንዱን ሴት ማድረግ ልማዱ ነው። እኔንም አንዳንዴ ‹አንተ› ይለኛል።»

ሐያት ገጹን አነበበች፦ «ፍሬው በፀሐይ ትደርቃለች፤ መድኃኒቱ ትወቀጣለች።» ካቴናውን አስፈትታ ገጹን ሳታሳየው ያንኑ ቃል አማኑን አስጻፈችው። ከዚያ ወርቂቱን ለብቻዋ አነጋገረቻት። እሷም እንደነገረቻት፣ ሰብስቤ ለሌላው ሰው ወተቱን ይዘለው ነበር፤ ለራሱ ግን አይዘልም። አምና ያንኑ ወተት የሌለበትን መድኃኒት ጠጥታ የሞተችው ትንቢት የምትባል ሴት የመምህሩ ልጅ ናት። መምህሩም ሰኞ ዕለት «ላርመው» ብለው ደብተሩን ወስደው አሳድረውት ነበር።

ከሰዓት በኋላ መምህሩን አስጠርታ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አማኑ ‹ጸሀይ›፣ ‹መዳኒት› ብሎ ጻፈልኝ፤ በገለበጣቸው ሌሎች ገጾችም እንዲሁ ነው» አለች፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ። «በዚህ ገጽ ላይ ግን ፀሐይም መድኃኒትም ፊደላቸውን አልሳቱም። ወንዱ ሴት ሆኗል፣ የእጁም አጣጣል ተመስሏል፣ ፊደሉ ግን አንድም አልተሳሳተም። ይህን ስሕተት የጻፈው አማርኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ደብተሩም ሰኞ እርስዎ ዘንድ ነበር፣ መምህር።»

መምህሩ የደብተሩን ገጽ ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ልጄን ቀብሬ ስመለስ ሰብስቤን ወተቱን ለምን ተውከው አልኩት። ‹ወተቱ ለግጥሙ ማሳመሪያ ነው› አለኝ። እኔም ማሳመሪያውን አነሣሁለት።»

«እኔስ፣ ጋሼ?» አለ አማኑ። «እኔ ምን አደረግኩ?»

«ለልጄ ብርጭቆውን ያቀበልካት አንተ ነህ።»

ሐያት ካቴናውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። መምህሩ እጃቸውን ዘረጉላት፤ ዓይናቸውን ግን ከአማኑ ላይ አላነሡም።