ገለልተኛዋ ገፈርሳ

ገለቴ አግዳሚው ላይ ጎንበስ ብላ ወታደሮቿን ደግማ ቆጠረች። ደወሉ ሊደወል ነው፤ ለእሷ የቀሯት ወታደሮች አምስት ብቻ ናቸው።

«የሆለታ ወታደር ይጣፍጣል ባክሽ» አለ አለሙ፣ የማረካቸውን እያኘከ። «ሌላ የለሽም?»

«አፍህን ዝጋና ተጫወት!»

ካርታቸው በሲሚንቶ ወረቀት ላይ በከሰል የተሣለ ነው። ሱሉልታ የአለሙ፣ ሆለታ የገለቴ፤ መሀል ላይ ያለችው ገፈርሳ ደግሞ የወርቅቱ። ወታደሩ የገብስ ቆሎ ነው፤ የተማረከ ይበላል፣ ደወሉ ሲደወል ከሱሉልታና ከሆለታ ብዙ የቀረው ያሸንፋል። ገፈርሳ ከማንም ጋር የማትወግን ገለልተኛ አገር ናት። እሷን የወጋ ሦስት ገብስ ይበላባታል፣ የተረፈው ግን እንዳለ ለጠላቱ ይሄዳል። እናም ደፍሮ የሚነካት የለም።

ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መምህር ገብረየስ አንድ ለእናቱ የሆነውን የትምህርት ቤቱን አትላስ ለክረምቱ ሊያውሱ ቃል ገብተዋል። ሐምሌና ነሐሴ የአሸናፊው ነው። ገለልተኛዋ ሳትነካ ከዘለቀች ጳጉሜን የእሷ ይሆናል። አምስት ቀን! ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ ወርቅቱ አልሳቀችም። «ይበቃኛል» አለች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ስለ አምስቱ ቀን ሆነ፤ የዓለምን ወንዞች አንድ በአንድ ደብተሯ ላይ ልትገለብጥ ነው።

ገለቴም የራሷ ጭንቀት አለባት። በመጪው ዓመት ሚኒስትሪ ትፈተናለች። አባቷ ኦቦ ጃራ «ከወደቅሽ በቃሽ፣ ቤት ትገቢያለሽ» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። የሚያስፈራት ደግሞ ጂኦግራፊ ነው።

ወርቅቱ ውሃ ልትጠጣ ብድግ ብላ ወጣች። ያኔ ነው ነገሩ ገለቴ አፍ ላይ የመጣው።

«አለሙ፣ ልንገርህ? ወርቅቱ በሚቀጥለው ተራ ከኔ ጋር ልትሆን ነው።»

«ሂጂ! ጳጉሜንዋን ትታ?»

«ነሐሴን እሰጥሻለሁ ብያታለሁ።»

አለሙ ማኘኩን አቆመ። ዘጠኝ ገብስ አለው። የወርቅቱ አሥር ከገለቴ አምስት ጋር ቢደመር እንደሚያልቅለት ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ቀድሞ ከወጋት ግን ቢያንስ ሦስቱ ይቀነሳሉ።

ወርቅቱ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ተመለሰች። ገና ሳትቀመጥ አለሙ እጁን ሰዶ ከገፈርሳ ሦስት ገብስ አነሳና አፉ ውስጥ ወረወረ።

«እንዴ! ምን አደረግኩህ?»

«እሱን አንቺው ታውቂዋለሽ።»

ወርቅቱ ወደ ገለቴ ዞረች። «ምንድን ነው የሚለው?»

ገለቴ ካርታው ላይ አቀረቀረች። «እኔ እንጃ።»

«ዱጋ?» እውነትሽን ነው? ማለቷ ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው።

ገለቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ወርቅቱ የተረፉትን ሰባት ገብሶች ለቃቅማ፣ አንዲት ሳታስቀር ገለቴ መዳፍ ላይ አፈሰሰቻቸው። «ግድ የለም። አንቺ ካሸነፍሽ ምን አለ። እኔ እንደሆነ ለአምስት ቀን...» አለችና አልጨረሰችውም።

አሁን ገለቴ አሥራ ሁለት፣ አለሙ ዘጠኝ። አንድ ተራ ብቻ ነው የቀራት። መምህር ገብረየስ አትላሱን በብብታቸው ይዘው ግቢውን ሲያቋርጡ በመስኮቱ አየቻቸው። ገብሱ መዳፏ ውስጥ በላብ ራሰ።

«ተጫወቺ እንጂ!» አለ አለሙ። «ደወሉ ሊደወል እኮ ነው!»

«ወርቅቱ ምንም አላለችኝም» አለች ገለቴ።

«ምን?»

«ዋሽቼህ ነው። ከኔ ጋር እሆናለሁ አላለችም። እኔም ነሐሴን እሰጥሻለሁ አላልኳትም።»

አለሙ አፉን ከፍቶ ቀረ። «በልቻቸዋለሁ እኮ! ከየት ላምጣቸው አሁን?»

የወርቅቱ ዓይን ገለቴ ፊት ላይ ቀርቷል።

ገለቴ ሰባቱን ገብሶች ገፈርሳ ላይ መለሰች። ከዚያ ከራሷ አምስት ላይ ሦስቱን ቆጥራ ጨመረችበት። ሆለታ ላይ ሁለት ገብስ ቀረ።

«ተራው ያንተ ነው፣ አለሙ» አለች።