የሚመጡትን ብቻ የቆጠረ አባት

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ እንድታለቅሱልኝ አይደለም። ማልቀስ ካማራችሁ አልከለክልም፤ እኔም አልቅሻለሁ! ግን እንባችሁን ስትጨርሱ ትንሽ ንዴት አስቀሩልኝ። ነገሩ የሦስት ሰዎች ቤት ነገር ነው። ቤቱ አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ ብለው በሚያልፉበት መስመር ሥር ነው፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል፣ የመደርደሪያው ብርጭቆ ይንጫጫል። አባት የመኪና ፍሬን ጠጋኝ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የፍሬን ሸራ ሲፍቅና ሲለጥፍ የኖረ። ሰፈሩ ስሙን ረስቶ «ፍሬኑ» ይለዋል። እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ሲንኳኳ ይውላል። ልጃቸው አንዲት ናት። አብራሪ ናት! አዎ፣ የፍሬን ጠጋኝ ልጅ በነፃ የትምህርት ዕድል አብራሪነት ተምራ በማዕረግ ተመረቀች። ሰፈርተኛው ገና ሥራ ሳትይዝ «ካፒቴን» እያለ ሲጠራት አባቷ ደረቱን ነፍቶ ይስቅ ነበር።

ምን ያደርጋል! ሥራው ጠፋ። የከተማው ትልቅ አየር መንገድ ያወጣው ማስታወቂያ «አመልካቾች ታይፕ ሬቲንግ በራሳቸው ወጪ አውጥተው ይቅረቡ» ይላል። ይህ ደግሞ ምንድነው ትሉኝ ይሆናል። አብራሪ ፈቃድ ቢኖረውም ትልልቆቹን አውሮፕላኖች ለማብረር ለእያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው ሠልጥኖ ለብቻው ሌላ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ድሮ ድርጅቱ ራሱ ቀጥሮ ራሱ ያሠለጥን ነበር። አሁን መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ አመልክት፣ ከዚያ እናይልሃለን! የአንዱን ከፍለህ ስታወጣ ሌላውን ቢፈልጉስ? የራስህ ጉዳይ! «አውቶቡስ ነጂ ሲቀጠር ‹አውቶቡስህን ይዘህ ና› ይባላል እንዴ?» አለ ፍሬኑ ማስታወቂያው ሲነበብለት። «እኔን አሠሪዬ ጋራዡ አስገብቶ፣ ምሳዬን አብልቶ ነው ያስተማረኝ።» ደሙ ፈላ። ግን አባት ነውና ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ልጁ የምትገባበትን መንገድ ማሰላሰል ጀመረ።

ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ ጄቱ፣ ወይ ባለ ፕሮፔለሩ። ፍሬኑ ሳይመረምር አንዲት ብሎን የማይፈታ ሰው ነው። ልጁ አውሮፕላኖቹን በክንፋቸውና በድምፃቸው እንዴት እንደሚለይ አሳየችው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወንበር አወጣ፤ ሰማያዊ የሥራ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ኮፍያውን እንደደፋ፣ የልጁን አሮጌ ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶ መቁጠር ያዘ። ለጄት በግራው ገጽ አንድ ጭረት፣ ለባለ ፕሮፔለር በቀኙ አንድ ጭረት። ሦስት ወር ሙሉ! የቀኙ ገጽ ጢም ብሎ ሞላ። «አየሽ አይደል ካፒቴን? በየሳምንቱ እየበዙ ነው። ሥራው ያለው እዚህ ነው!» አላት። እሷም አመነችው። ይህ ሰው የነካው ፍሬን አንድም ቀን ከድቶ አያውቅማ! ጋራዡን ሸጠላት። ሄደች፣ ተማረች፣ በሁለት ወሯ የባለ ፕሮፔለሩን ፈቃድ ይዛ ከች አለች።

የቅጥር ሹሙ ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «እህቴ፣ ጎበዝ ነሽ» አላት። «ግን እነዚህን አውሮፕላኖች ልንሸጣቸው ነው። በየከተማው የነበሩትን ሁሉ ሰብስበን እዚህ አቁመናቸዋል። የጄቱን ይዘሽ ነይ።» ሰብስበን! ገባችሁ? ፍሬኑ በየሳምንቱ ሲበዙ ያያቸው አውሮፕላኖች ሥራ በዝቶላቸው አልነበረም፤ ሊቆሙ እየገቡ ነበር። ቤቱ ያለው በማረፊያው መስመር ሥር ነው፤ የሚነሱት በሌላ አቅጣጫ ነው የሚወጡት። ስለዚህ የሚመጡትን ቆጠረ እንጂ የሚሄዱትን አልቆጠረም። መጥተው መቅረታቸውን ምስኪኑ ከየት ይወቀው?... ልጅቷ ስትነግረው ደብተሩን ዘጋ፣ ወንበሩን አስገባ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየም።

መከራ ብቻዋን መጥታ ብትሄድ ምን ነበረበት! የፍሬኑ የቆየ ሳል ባሰ። ከአልጋ እስከ በር መሄድ ያደክመው ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት ልጅቷ ቤት ስትጠርግ ያን ደብተር አነሳችው፤ ከኋላ ልባሱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ የሆስፒታል ወረቀት ወደቀ። ሠላሳ ዓመት የተነፈሰው የፍሬን ሸራ ብናኝ ሳንባውን በልቶታል፤ ሕክምናው ዛሬ ነገ ሳይባል ይጀመር ይላል። ቀኑን አየችው። ጋራዡ ከመሸጡ ሁለት ሳምንት በፊት! ጋራዡ መሸጥ የነበረበት ለእሱ ሳንባ ነበር፤ እሱ ግን ለሚስቱም ለልጁም ትንፍሽ ሳይል የእሷን ፈቃድ ገዛበት።

«አባዬ! ምን አደረግክ? ምን ነካህ?» ብላ አልጋው ላይ ተደፋች።

«እኔ አሮጌ መኪና ነኝ ልጄ» አለ እየሳቀ፣ ሳቁን ሳሉ እየቆረጠበት። «አዲስ ዕቃ ለአሮጌ መኪና ሲገጠም የት አይተሻል?»

ይዘውት ሮጡ። ሐኪሙ አዲሱን የሳንባ ራጅ ከአሮጌው ጎን አድርጎ አየና ዘግይታችኋል አለ።

በዚያው ሳምንት እናትየው የስፌት መኪናዋን አቆመች። ሣጥኑን ከፍታ የቤቱን ካርታ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከመቀሷና ከክሮቿ መሃል አስቀመጠችው። «የጄቱን ተማሪ። ቤቱ ይሸጥ፤ እኔ የትም ሆኜ እሰፋለሁ» አለች። ይህች እናት ለራሷ አዲስ ቀሚስ ሰፍታ አታውቅም! ልጅቷ ካርታውን አየችው፣ እናቷን አየቻት። አልቅሳ የጨረሰች ሰው ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ? እንደዚያ ሆነች።

«እማዬ፣ ካርታውን አንሺው። አንዴ በአባቴ ሳንባ ከፍለናል። ሁለተኛ በእናቴ ጣሪያ አልከፍልም!»

«እሰይ!» የሚል ድምፅ ከመኝታ ቤቱ መጣ። «እሰይ የኔ ካፒቴን! ሂጂና ይህንኑ ንገሪልኝ!»

ሄደች። የቅጥር ሹሙ በር ሳታንኳኳ አልገባችም፤ ሥርዓት አላት። ፈቃዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ፈትኑኝ። ከወደቅሁ አባርሩኝ፤ ካለፍኩ ቀጥራችሁ አሠልጥኑኝ። ለመሥራት ግን አልከፍልም» አለችው።

«ሁሉም እየከፈለ ነው እኮ። አንቺ ምን የተለየሽ ነሽ?»

«ሁሉም ስለከፈለ ነው እናንተም የምትጠይቁት።»

ሹሙ ሳቀ፤ ስሟንም ከዝርዝሩ ላይ ሰረዘ። እሷም ቀና ብላ ወጣች። ቤት ገብታ ቃል በቃል ስትነግረው ፍሬኑ ከደብተሩ መዘጋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳሉ እስኪያፍነው፣ እናትየው ደግፋ ውኃ እስክታጠጣው ድረስ ሳቀ።

ከዚያ ስድስት ወር ያህል በየቢሮው ዞረች። የተዘጉባትን በሮች ቁጥር ለእናንተ ልተወው። በመጨረሻ ከአውሮፕላን ማረፊያው ዳር፣ ጣሪያዋ የዛገች መጋዘን ውስጥ አንዲት ሸበቶ አብራሪ አገኘች። ሴትየዋ ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች አሏት፤ ፖስታና መድኃኒት ራቅ ወዳሉ መንደሮች ታደርሳለች። እነዚህን ለማብረር ያ ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም። የልጅቷን ወረቀት አየች፣ አብራት በረረች፣ ወርዳም «መቼ ትጀምሪያለሽ?» አለቻት።

«ለማሠልጠኛው ምን ያህል ነው የምከፍለው?» አለች ልጅቷ፣ ከልምድ።

«አብደሻል እንዴ? እኔ ነኝ የምከፍልሽ!»

የመጀመሪያ በረራዋ ሐሙስ ጠዋት ሆነ። ከመቆጣጠሪያ ማማው አስፈቅዳ ሦስት ሰዓት ላይ በቤታቸው አናት እንደምታልፍ ለአባቷ ነገረችው። ፍሬኑ አሁን አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ቢሆንም ዓይኑ በራ። «ወንበሬን አውጡልኝ። ደብተሬንም! ጋዋኔን ለብሼ ነው የምቆጥራት» አለ። ሐሙስ በማለዳ ልጅቷ ግንባሩን ስማው ወጣች። «እጅህን ከፍ አድርገህ አውለብልብልኝ፤ ካላየሁህ አኮርፍሃለሁ» አለችው። እናትየው ወንበሩን ግቢው መሃል አስቀመጠች፤ ጋዋኑን ተኩሳ ልታለብሰው ገባች። ቀኝ እጁን አስገባችለት፤ ግራውን ልታስገባ ስትል እጁ ከበዳት... ሁለት ሰዓት አልፏል። ፍሬኑ የለም!

ወይኔ! ወይኔ! እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ስልኩ አጠገቧ ነው። አንዴ ብትደውል ልጅቷ ሞተሩን አጥፍታ ትመጣለች። እናትየው ስልኩን አነሳች... መልሳ አስቀመጠችው። ጎረቤት እንዳይሰማ የነጠላ ጫፏን ነክሳ ለቅሶዋን ዋጠች። ዓይኑን ከደነችለት። ጋዋኑን ከክንዱ አውልቃ ራሷ ለበሰችው፤ ኮፍያውን ደፋች፤ ደብተሩን ይዛ ወጣችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ላይ ትንሿ አውሮፕላን መጣች። ክንፏን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ነቅነቅ አደረገች። እናትየው እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበች፤ ልክ እንደ እሱ። «አባዬ ወጥቷል!» ብላ ልጅቷ እላይ ሰማይ ላይ ብቻዋን ጮኸች፣ ሳቀች። ድምፁ ሲርቅ እናትየው ደብተሩን ገለጠች። በግራም በቀኝም አልጻፈችም፤ አዲስ ገጽ አወጣችና «የሄዱ» ብላ ጽፋ ከሥሩ አንድ ጭረት አሰመረች። ከዚያ በኋላ ነው ለቅሶዋን የለቀቀችው።

ልጅቷ መድኃኒቱን አድርሳ ስትመለስ በራቸው ላይ ሰው ተሰብስቧል። እናቷ ሰማያዊውን ጋዋን አላወለቀችም።

«እማዬ... ማን ነበር ያውለበለበልኝ?»

እናትየው ደብተሩን ሰጠቻት።

«ለምን አልደወልሽልኝም? ለምን?»

«ስንቱ አስቀረሽ ልጄ! ዛሬ አባትሽም ቢሆን አያስቀርሽም ብዬ ነው።»

ተቃቅፈው ያለቀሱትን ለቅሶ አልጽፈውም፤ አልችልም። ሰዎች ግን «ዕድሉ ነው፣ ምን ይደረግ» ሲሉ ሰማሁ። እኔ አልቀበልም! ዕድል ማስታወቂያ አያወጣም። ዕድል «ከፍለሽ ነይ» አይልም። ይህን ያለው ሰው ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ደመወዝ የሚበላ ሰው። ማስታወቂያው ዛሬም እዚያው ተለጥፏል፤ ዛሬም አንድ አባት የሆነ ነገር እየሸጠ ይሆናል። ልጅቷ ግን በሳልስቱ ማግስት ቦርሳዋን አነሳች። መድኃኒቱ አይጠብቅም። ሦስት ሰዓት ላይ ትንሿ አውሮፕላን በቤቱ አናት ስታልፍ እናትየው ሰማያዊውን ጋዋን ለብሳ ወንበሩ ላይ ነበረች። እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ሁለተኛውን ጭረት አሰመረች።