ብርሀንነሽን የሸኛት

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ባታምኑኝ አልቀየምም። እኔም ከብርሀንነሽ ከራሷ አፍ ባልሰማው ኖሮ አላምንም ነበር።

ቦታው መካነ ሰላም፣ ወሩ ነሐሴ። ሰዓቱ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። ጉም ብቻ ነበር።

ብርሀንነሽ አስተማሪ ናት። እዚያ የኪራይ ቤት ውስጥ አደገች፣ እናቷን እዚያው አስታማ ቀበረች። ወንድሞቿ አንድ በአንድ ወጥተው በዚያው ቀሩ። አሁን ደግሞ እሷ ወደ ኩታበር ተቀይራ ዕቃዋን እየሸከፈች ነው።

ብቻዋን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሌላ ቀን ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃዋን ተሸክሞ፣ አልቅሶ ይሸኛት ነበር። የዚያን ቀን ግን ሰፈሩ በሙሉ ወግዲ ለቅሶ ሄዷል። ሞት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

የከፋት መሄዱ አልነበረም። የሚሸኛት ሰው አለማግኘቷ ነው።

ጠዋት ጎረቤቷ እትዬ ፈይዛ ወደ ለቅሶው ከመሄዳቸው በፊት ብቅ ብለው ነበር።

"ስትወጪ ስም እንደሚጠራ ታውቂያለሽ አይደል?" አሏት።

ታውቃለች። በእነሱ ሰፈር ሰው ቤት ለቆ ሲሄድ፣ አንድ ሰው ደጅ ቆሞ የቤተሰቡን ስም በየተራ ይጠራል። የተጠራው "አለሁ" እያለ ይወጣል። ያልተጠራ ሰው ግማሹ እዚያው ቤት ይቀራል ይባላል።

"እኔን ማን ይጠራኛል፣ እትዬ?"

"እኔ አለሁልሽ፣ አብሽሪ። ኢንሻአላህ በጊዜ እመለሳለሁ። ብቻ... ራስሽን እንዳትጠሪ።"

"ብጠራስ?"

"ሰው ራሱን አይጠራም፣ ልጄ።"

ይህን ብለው ሄዱ።

ብርሀንነሽ ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ከተተች። ጓዳ ደርሳ ስትመለስ... አንዱ ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ነው። በቦታው።

"ረስቼው ነው" አለች። መልሳ ከተተችው።

የእናቷን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ በፎጣ ጠቀለለችው። ዞር ስትል ተሰቅሏል።

ቢሆንም ሥራዋን አላቆመችም። ምን ታድርግ? ሮጣ የምትሄድበት ጎረቤት የለም፣ በሩ ሁሉ ተቆልፏል።

መኝታ ክፍል ገባች። ጠቅልላ በገመድ ያሰረችው ፍራሽ ተፈትቶ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ገመዱ ልክ እሷ እንደምታጥፈው ታጥፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ፍራሹን ነካችው...

ይሞቃል።

መሃሉ ሰው ተኝቶበት እንደተነሳ ጎድጉዷል።

"ማነው?" አለች በሹክሹክታ።

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ዕቃዋን እንዲጭን የተከራየችው የአይሱዙ ሾፌር ፈንታሁን ነው። በሕይወቷ እንደዚያ ጡሩምባ ደስ ያሰኛት ድምፅ የለም።

ተጋግዘው ጫኑ። ፍራሹን ፈንታሁን ብቻውን አወጣው። እሷ እንደገና መንካት አልቻለችም።

ለእትዬ ፈይዛ ደወለች።

"ጉሙ መንገድ ላይ አቁሞናል" አሏት። "ጠብቂኝ... ሳልመጣ እንዳትወጪ።"

"መምህርት፣ እንሂድ" አለ ፈንታሁን። "ትንሽ ከቆየን መንገዱ ጨርሶ አይታይም። ዛሬ ካልሄድን ደግሞ እዚሁ ማደርዎ ነው።"

እዚያ ቤት ማደር? በፍጹም። ሳይጠሯት ብትሄድ ደግሞ ግማሿ ይቀራል። አሰበች፣ አሰበች... በመጨረሻ ባዶው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመች።

"ብርሀንነሽ..." ብላ ተጣራች።

ደግማ ተጣራች።

"ብርሀንነሽ፣ ነይ እንሂድ..."

"አለሁ።"

ድምፁ ከውስጥ ነው። የራሷ ድምፅ ነው።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"አንቺ ሂጂ" አለ ድምፁ ቀስ ብሎ። "እኔ የት እሄዳለሁ?"

በሩን እንዴት እንደቆለፈች አታውቅም። መኪናው ላይ ወጥታ "ንዳው" አለች።

ጥቂት እንደሄዱ ፈንታሁን ስፖኪዮውን አየና ፍጥነቱን ቀነሰ።

"መምህርት... የሚሸኘኝ ሰው የለም አላሉኝም ነበር?"

ዞራ አየች።

የቆለፈችው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጃፉ ላይ የእሷን ልብስ የለበሰች ሴት ቆማለች። በአንድ እጇ ነጠላዋን ይዛ እንባዋን ትጠርጋለች፣ በሌላው እያውለበለበች ትሸኛለች።

"አልፈራሽም?" ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"አሳዘነችኝ" አለችኝ። "ብቻዋን እኮ ነው የቀረችው። እኔም እጄን አነሳሁላት።"

ጉሙ መጀመሪያ ቤቱን ሸፈነው። ቀጥሎ ሴትዮዋን። ከተማውን ጨርሰው ከወጡ በኋላ ግን... ከመኪናው ኋላ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አንድ እጅ ብቻ አሁንም እየተውለበለበ ነበር።