የኬልሞን የእሾህ አጥር

በዚያ ዓመት በዘንጋር መንግሥት የአደን ቀንድ ሳይነፋ ክረምቱ ወጣ። ከጥንት ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የሙሬ ደን ባለርስት ቢኖረውም፣ ቀንዱ በተነፋ ጊዜ ለአዳኝ ሁሉ ክፍት ነበር። አሁን ግን ባለርስቱ ኬልሞን ቀንዱን ከንጉሡ አደባባይ አሰርቆ፣ ደኑን ሥጋ በሚበላ እሾህ አጠረው። የአዳኞቹ መንደር ያረጀ ቆዳ እየቀቀለ መብላት ጀመረ።

ወጣቷ አዳኝ ሳርዳ ቀስቷን በሕዝቡ ፊት ከፍ አድርጋ ማለች፦ «ደኑን ሳላስከፍት ብመለስ ስሜ ከዘሬ ይፋቅ!»

አብሯት የወጣው ያሳደጋት አጎቷ ጎይራን ብቻ ነበር፤ እሱም እያመነታ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ፣ «ልጄ፣ ሰውየው እኮ ልጁን በአዳኝ ፍላጻ ነው ያጣው። መጀመሪያ ብናነጋግረውስ?» አላት።

«ፈርተህ ነው!» አለችው።

ጎይራን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ጥላው ወደ ፊት ሄደች።

በሰባተኛው ቀን ከአጥሩ በር ደረሱ። በሩን የሚጠብቀው ዝሃር፣ ጋማው የሚነድ አውሬ፣ የተሰረቀውን የአደን ቀንድ በአንገቱ አንጠልጥሎ ተነሣባቸው። ጎይራን በጦሩ ሲያዘናጋው ሳርዳ ዓይኑን ወግታ ጣለችው። ቀንዱን አንሥታ ነፋች። ድምፅ የለም። ደግማ ነፋች።

ኬልሞን ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለ። ሽማግሌ ነበር። «ገዳዩ መጥቶ እስኪናገር ዓመታት ጠበቅሁ። ሲቀር ቀንዱን በልጄ ደም አሰርኩት» አላት። «ልጄን የገደለው ሰው የመጨረሻ ትንፋሹን ካልሰጠው አይጮኽም።»

ጎይራን ቀንዱን ከእጇ ወሰደ። «ፍላጻው የእኔ ነው፣ ጌታዬ። ቁጥቋጦው ሲንቀሳቀስ ድኩላ መሰለኝ። ዐሥር ዓመት ሙሉ መናገር አቃተኝ።»

«አጎቴ፣ ተው!» ብላ ሳርዳ ክንዱን ያዘች።

እሱ ግን ነፋ። ድምፁ ተራሮቹን አናወጠ፤ እሾሁ ከዳር እስከ ዳር ዐመድ ሆነ፤ ጎይራንም በጉልበቱ ወድቆ ቀረ።

ድምፁን የሰሙ የአቅራቢያው አዳኞች ከማግሥቱ ጀምረው እየጮኹ ወደ ደኑ ጎረፉ። ኬልሞን አካፋ ይዞ መጣና ከሬሳው አጠገብ ቆመ።

«ያኔ መጥቶ ቢነግረኝ ኖሮ እረግመው ነበር» አለ፤ «አጥሩን ግን አላጥርም ነበር።»

«ለእኔ ሊነግረኝ ነበር» አለች ሳርዳ። «አላስጨረስኩትም።»

ከልጁ መቃብር ጎን ሁለቱ ተራ በተራ ቆፈሩ። ከአዳኞቹ አንድም ሰው ለቀብር አልመጣም፤ ሁሉም ደን ገብቶ ነበር።