ቆማ የደረቀችው ታንኳ

የደራሲውን የጋሽ ሣህሉን አስከሬን ማለዳ ዓሣ አጥማጆች ከጣና አወጡት። ኢንስፔክተር ሸጊቱ ስትደርስ ግን ዓይኗ የሟቹ ግቢ ሾላ ላይ ቀረ። ከደንገል ሣር የተሠራችው ታንኳቸው ግንዱን ተደግፋ ቆማለች፤ ከሥሯ ውኃ ይንጠባጠባል።

ፖሊሶች ብሩክን ይዘውታል። ከአዲስ አበባ መጥቶ ፔዳ ሰፈር የሚኖር፣ የሟቹን ዝነኛ አጭር ልቦለድ ለዓመታት ያስተማረ መምህር ነው። ማታ እዚህ ቤት «ገዳይ ነው!» እያለ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቷል።

«ማንን ነው ገዳይ ያልኸው?» አለች ሸጊቱ።

«የልቦለዱን ገጸ ባሕርይ ነው እኮ! ወንድሙ ሐይቁ ውስጥ ሰጥሞ፣ እሱ ሰው ከመጥራቱ በፊት ታንኳዋን ዛፍ አስደግፎ ያቆማል። ገዳይ ካልሆነ ምንድን ነው? አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«‹ጎበዝ አንባቢ ነህ› ብለው እስከ በር ሸኙኝ።»

ብቸኛ ልጃቸው ማህሌት «ተኝቼ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም» አለች፤ ወደ ሾላው ግን አንዴም አላየችም።

መምሬ ኃይለ ገብርኤል ከቅዳሴ ወጥተው ለፍትሐት መጥተዋል። «ራሱን ውኃ ውስጥ የጣለ ከሆነ ግን ፍትሐት የለውም፤ እጄ ታስሯል» አሉ።

ሸጊቱ ሁሉንም ሾላው ሥር ሰበሰበች።

«ሰው ሲሰጥም ታንኳው ባዶውን ይንሳፈፋል እንጂ ተመልሶ ዛፍ አይደገፍም። ስለዚህ አብሯቸው የወጣ ሰው አለ። ብሩክ ቢሆን ውኃው ላይ ትቷት ይሮጥ ነበር፤ ደንገል ቆሞ ካልደረቀ እንደሚበሰብስ ቢያውቅማ ገጸ ባሕርዩን ገዳይ አይለውም ነበር። እርስዎ፣ መምሬ፣ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። በዚያ ድንጋጤ እጁ ሳያስበው ታንኳ የሚያቆም የሐይቅ ልጅ ብቻ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማህሌትዬ፣ ንገሪን።»

ማህሌት ተንበረከከች።

«ልቦለዱ የራሱ ታሪክ ነው። አጎቴ ይትባረክ ሲሰጥም አባቴ ገና ልጅ ነበር፤ ታንኳዋን ለምን እንዳቆማት ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ ኖረ። ዛሬ ሳይነጋ ‹ወንድሜ ወደ ወደቀበት ውሰጂኝ› አለኝ፤ ወሰድሁት። ብቻዬን ተመለስሁ። እኔም አቆምኋት፤ እንዴት እንዳቆምኋት አላውቅም። ብናገር ፍትሐት ይከለከላል ብዬ ፈራሁ።»

«ዘለለ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ መምሬ።

«ተነሥቶ ቆመ። ወንድሙን በስሙ ጠራው። ታንኳዋ ተንገዳገደች።»

ቄሱ ታንኳዋን በእጃቸው ነካ አደረጉ።

«ታንኳ ላይ የቆመ ይወድቃል» አሉና መስቀላቸውን ይዘው ወደ አስከሬኑ ገቡ።

ፖሊሶቹ ብሩክን «መሄድ ትችላለህ» አሉት። እሱ ግን ታንኳዋ ፊት እንደ ቆመ ቀረ።

«ማህሌት፣ አባትሽ ተቀይመውኝ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም» አለች እንባዋን እየጠረገች። «መንገዱን ሁሉ ‹ያ ልጅ እውነቱን ይሆናል› ይል ነበር።»