ለአንድ እናት ሁለት ቅጂ

«ይኸው! ዛሬም መንታ!»

የሒሳብ መምህርቷ ስልካቸውን ወደ ኮምፒውተር ክበቡ ልጆች አዞሩት። ያው የስብሰባ ጥሪ ሁለት ጊዜ ገብቷል።

«አየዋለሁ፣ እማ…»

«እዚህ ማነኝ?»

«ቲቸር» አለች ልጅቷ አቀርቅራ። እናቷ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን እማዬ ማለት ክልክል ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እናቷ ሲወጡ ክበቡ የሚያስተዳድረውን የትምህርት ቤቱን የኢሜይል ሰርቨር ከፈተች። ችግሩ ወዲያው ታያት። «መምህራን» ወደሚለው የጋራ አድራሻ የተላከ መልእክት ለመምህራኑ ሁሉ ይበተናል፤ «ወላጆች» የሚለውም እንዲሁ። እናቷ ሁለቱም ውስጥ አሉ። ርእሰ መምህሩ ለሁለቱም ሲልኩ፣ ሰርቨሩ አንዷን ሴት ሁለት ሰው ያደርጋታል።

«ቀላል ነው» አለ ቻርጀር የሚሉት የክበቡ ልጅ። የስልኩ ባትሪ ሁሌ ባዶ ስለሆነ የወጣለት ስም ነው። «ከወላጆች ሰርዣቸው፣ በቃ!»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ። አርብ የፈተና ውጤት ይላካል፤ ለወላጆች ብቻ። የፊዚክስ ወረቀቷን ደግሞ አይታዋለች፤ ወድቃለች።

ሰረዘች። ለሁለቱም አድራሻ የሙከራ መልእክት ላከች።

ብዙም ሳይቆይ እናቷ በበሩ ብቅ አሉ። «አንድ ብቻ! እጅሽ ይባረክ!» ወደ ቻርጀር ዞረው፣ የገዛ ሕጋቸውን ረስተው፣ «የኔ ልጅ እኮ ናት!» አሉት።

ምርቃቱ አልዋጥ አላት። እናቷ ሲሄዱ ስማቸውን መልሳ አስገባች።

«አቦ፣ የሠራ ነገር ይነካል እንዴ?» ቻርጀር ቦርሳውን አንግቷል።

«አልሠራም። አንዱን በር ዘጋሁባቸው እንጂ።»

የሰርቨሩን መመሪያ ማንበብ ጀመረች። ቻርጀር እያጉረመረመ አጠገቧ ተቀመጠ። በመጨረሻ አገኙት፦ ሰርቨሩ መልእክቱ በየትኛው የጋራ አድራሻ እንደመጣ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ቅንብር ነበር፤ ለዚያ ነው ሁለቱን ቅጂዎች እንደ አንድ የማያያቸው። አጠፋችው። ለሁለቱም ላከች፤ ለእናቷ አንድ ቅጂ ብቻ ወጣ። ለወላጆች ብቻ ላከች፤ እሱም ወጣ።

«አሁን ጨረስን?» አለ ቻርጀር።

«አንተ ጨርሰሃል።»

እናቷን መምህራን ክፍል ውስጥ ደብተር ሲያርሙ አገኘቻቸው። ሌላ ሰው አልነበረም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አርብ የሚደርስሽ መልእክት አለ፣ እማዬ» አለች። «ከሱ በፊት እኔ ልንገርሽ።»

እናቷ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።